እንባ የሌለው ልቅሶ

የእህቴ ልጅ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተቅማጥ ያዘው። የምንኖረው ሀና ማርያም ነው፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ውስጥ ያጠራቀምነውን እንጠቀማለን። ጤና ጣቢያ ሰገራው ታይቶ ጃርዲያ ተባለ፤ ሽሮፕና ኦአርኤስ ይዘን ተመለስን። ተሻለው ስንል፣ ሽሮፑ ሳያልቅ እንደገና ባሰበት።

ልጁን ሊይዙ ከሆሳዕና የመጡት የእህቴ አማት ድዱን በጣታቸው ዳበሱና «ግግ ነው» አሉ። እሳቸው እንደሚሉት ሆዱን የሚያሳምመው ድዱ ውስጥ ያለው ያልወጣ ጥርስ ነው፤ ተቆርጦ ካልወጣ ተቅማጡ አይቆምም። ጎፋ ግግ የምታወጣ ሴት እንዳለች ከጸሎት ጓደኞቻቸው ሰምተዋል።

«እማማ፣ ድዱ ከተቆረጠ ያመረቅዛል። አሁን ዋናው ፈሳሽ መስጠት ነው» አልኳቸው።

«አንቺ ከላይ ትሞያለሽ፣ እሱ ከታች ያፈሳል። ዲግሪሽ ጥርስ አብቅሎ ያውቃል?» ብለው ሳቁ። ደግ ሴት ናቸው፤ ከልጁ ቀጥሎ የሚሳሱት ለእኔ ነው።

እህቴ ሥራ እንደሄደች ልጁን አዝለው ወደ ጎፋ ተነሡ። ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ከጀርባቸው ልነጥቃቸው አልችልም፣ የልጅ ልጃቸው ነው። የበጠበጥኩትን ኦአርኤስ በጠርሙስ ይዤ ተከተልኳቸው።

ታክሲ ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። በማንኪያ ስሰጠው ይተፋዋል።

«ተይው ልጄ፣ አሁን ይገላገላል።»

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ሊጠርጉ ጎንበስ አሉና እጃቸው ቆመ። ጣታቸውን ከጎደጎዱት ዓይኖቹ ሥር አሳለፉ።

«እንባው የታለ?»

«ሰውነቱ ውስጥ ውሃ አልቆበት ነው፣ እማማ።»

ለረዳቱ «ወራጅ አለ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ወርደን በገባንበት ክሊኒክ ነርሷ የደም ሥር ፍለጋ አንዱን እጁን ወግታ አጣች፤ ሌላውን ወጋች። እኔ እግሮቹን ይዣለሁ፤ እሳቸው በቋንቋቸው ይጸልያሉ። በመጨረሻ ጉሉኮሱ መንጠብጠብ ጀመረ።

«ሲሸና ጥሩኝ፤ ፈሳሹ እንደተተካለት የምናውቀው በዚያ ነው» ብላን ወደ ሌላ ሕፃን ሄደች።

ዳይፐሩን በየተራ እንነካለን። ልቅሶውን ትቶ ነበር፤ ጸጥ ማለቱ ከልቅሶው ይብስ አስፈራኝ።

እህቴ ደወለች። የት እንዳለን ነገርኳት።

«ደህና ነው ግን?»

አማቷን አየኋቸው። እጃቸውን ዳይፐሩ ውስጥ አስገብተው አወጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ገና ደረቅ ነው።

«ነይ» አልኳት።