ላፕቶፕ ታቅፈው የመጡት እናት

አሶሳ ገበያ አጠገብ ካለች የኮምፒውተር ጥገና ቤት ማመልከቻ ፕሪንት ሳስደርግ ነው የገቡት። ስማቸውን አላውቅም። ሃምሳን የተሻገሩ ናቸው፤ የለበሱት ቶብ የሆሞሻን መንገድ አቧራ ጠጥቷል። በጨርቅ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ደረታቸው ላይ ታቅፈዋል።

«ይቺ ጥቁር ሆነች» አሉት ባለሙያውን ሙንታሲርን። «ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ፣ አያለሁ፣ እዘጋለሁ። ሌላ አላውቅም።»

ሙንታሲር የጠቆረውን የስክሪን ጀርባ ምስል አየና ሌላ ሳይጠይቅ የፏፏቴ ምስል አደረገበት።

«ይኸው እናቴ፣ አማረ!»

ፏፏቴውን ትኩር ብለው አዩት። «ልጄስ?»

ሙንታሲር ነገሩን የሰማው ያን ጊዜ ነው። ላፕቶፑ የልጃቸው ነበር። ልጁ ለሥራ ግልገል በለስ ሄዶ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ስክሪኑ ላይ የነበረው የእሱ ፎቶ ነው። ሌላ ፎቶ የላቸውም፤ ዋናውን በፍላሽ ይዞት ሄዷል።

ሙንታሲር ፎቶውን ግማሽ ሰዓት ፈለገ። በመጨረሻ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

«እናቴ፣ ፎቶው እዚሁ ላፕቶፑ ውስጥ ነበር። ስክሪኑን ያጠቆረው ትንሽ ነገር ነው፤ ይስተካከል ነበር። እኔ ፏፏቴውን ሳደርግ በላዩ ላይ ተተካ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ፏፏቴውን በጣታቸው ጠቆሙ።

«ይሄን ውሃ አውጣ። ጥቁሯን መልስ።»

«ጥቁር ምን ያደርግልዎታል?»

«ሁለት ወር ጥቁር አየሁ፤ ልጄ ከኋላ አለ ብዬ። ውሃ ግን የማን ነው?»

ሙንታሲር አጠቆረላቸው። ቆመው ጥቂት አዩት፤ ከዚያ ዘግተው፣ በጨርቁ ጠቅልለው ወጡ።