ጥያቄ የሚያቃናው ወንድሜ

ወንድሜን ኤፍሬምን ከቀበርን ወራት አልፈዋል፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። የምናደደውም በእሱ ነው። አዎ፣ በሟች!

ቡታጅራ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። እኔ እህቱ ሰብለ ደጁ ላይ ልብስ እሰፋለሁ፤ እሱ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ ይውላል። ፕሮግራሚንግ ራሱን በራሱ አስተምሮ፣ በ2007 ፌስቡክ ላይ የጀማሪዎች ግሩፕ ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ደንበኛ ቆሞ «ባለቤቱ የለም እንዴ?» እያለ፣ እሱ የማያውቀውን ሰው ጥያቄ ያቃናል። «ኧረ ጉድ! አንተ ልጅ፣ በነጻ?» ብዬ እጮህበታለሁ። ይስቃል።

ልጆቹማ መጠየቅ አይችሉበትም። እኛ አገር ሰው ችግሩን ከመናገሩ በፊት የከብቱን ደህንነት ሳይቀር ይጠይቅ የለ? እንደዚያው ነበር የሚጽፉት። ዘይባ የምትባል ጉብሬ ካምፓስ የምትማር ልጅ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ከረማችሁ ወገኖች፣ ኮዴ እምቢ አለኝ፣ በአላህ ተባበሩኝ» ብላ ለጠፈች። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዱ «ኮድሽን በህልማችን እንይልሽ?» ብሎ አላገጠባት። ኤፍሬም ሰውየውን ከግሩፑ አባረረውና ለልጅቷ በውስጥ መስመር ጻፈላት፦ «እህቴ፣ ምን እንዲሠራልሽ ፈልገሽ ነበር? ምን ጻፍሽ? ምን ብሎ መለሰልሽ? ስህተት ነው የሚልሽን ቀዩን ጽሑፍ እንዳለ ለጥፊው። መሳሳት ነውር አይደለም።» ለካ ስህተቷን አፍራ ነው የደበቀችው። አስተካክላ ስትጠይቅ ወዲያው መለሱላት። ኤፍሬም እሱ ፈተና ያለፈ ይመስል እየሮጠ ወጥቶ ነገረኝ።

እንግዲህ ይሄው ሰው ሆዱን ሲያመው ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሲከሳ አይቼ ብጠይቀው «ጨጓራ ነው» አለኝ። እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ሲለው «ትንሽ ነው ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አይለው መሰላችሁ! ደም እንደሚያስመልሰው ደበቀ። የጨጓራ ኪኒን ሰጥተውት ተመለስን። ደሙን እኔ ያየሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ መታጠቢያው ላይ ነው። ምነው! ምነው ለእነዚያ ልጆች ያለውን ለራሱ ባለው!

አዲስ አበባ ሆስፒታል ይዤው ስሄድ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። እዚያ ግን ኤፍሬም ሁሉንም ተናገረ። መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደዋጠ፣ ምን እንዳየ፣ አንድም ሳያስቀር በተራ በተራ አስረዳ። የሆስፒታሉ ሐኪም እስኪጨርስ አዳመጠው። ከምርመራው በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠራኝና «ቤታችሁ ሆናችሁ ብታስታምሙት ይሻላል» አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ አለቀስኩ።

ወደ ቡታጅራ ስንመለስ ቡኢ ከተማ ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ቆመ። ኤፍሬም ወደ እኔ ዞረ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ? እሞታለሁ?»

«ጌታ ያውቃል» አልኩት።

«ይሄማ መልስ አይደለም፣ ሰብልዬ» አለኝና ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።