ለስንቅ ብለን የገባንበት ቤት

ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓ.ም. ነበር፤ ክረምት፣ የነሐሴ አጋማሽ። የሶዶው ተራራ ዳሞታ በጉም ተሸፍኖ ካላየነው ሰንብተናል። በዚያ ሰሞን ትልቋ ልጄ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አለፈች።

ገና ሳትፈተን አንድ ቃል ገብቼላት ነበር። ካለፍሽ አዲስ አበባ እወስድሻለሁ፣ መጫወቻ ፓርኩ ውስጥ ያለው ትልቁ ጎማ ላይ ትወጫለሽ ብያታለሁ። ጎማውን ያየችው በሰው ስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ስታጠና የደብተሯ ጠርዝ በክብ ስዕል ይሞላ ነበር። ጌታ ረዳት፣ አለፈች። የቀረው የእኔ ቃል ነበር።

ባለቤቴ በዞን መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ እኔ ሕፃናት አስተምራለሁ። ከሐሙስ እስከ ሰኞ ፈቃድ ተሰጠው። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮው መገኘት አለበት። እሑድ ከአምልኮ መልስ አራታችንም ጠረጴዛ ከበን ወጪውን አወጣን። የመኪናው ታሪፍ የታወቀ ነው። የምናድርበት የቤተ ክርስቲያን እንግዳ ማረፊያም ዋጋው የታወቀ ነው፤ ማብሰያ ግን የለውም። የፓርኩ መግቢያና የየጨዋታው ቲኬትም እንደዚሁ። ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ቆርጦታል። ሊቀነስ የሚችለው ሆድ ብቻ ነበር።

ደብተር አውጥቼ ቀኖቹን አሰመርኩ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። ትምህርት ቤት አብራኝ የምትሠራ ሴት አስቀድማ አስጠንቅቃኛለች። «ፓርኩ ውስጥ አንድ ሰሃን ቺፕስ የምትከፍዪበት ብር እዚህ ቤተሰብ ያበላል» ብላኛለች። «ልጆቹን ደግሞ ሽታው ይይዛቸዋል፣ አይለቁሽም።» ስለዚህ ፓርክ የምንገባበትን ቀን ምሳ ከበሩ ውጭ፣ ከመግባታችን በፊት አደረግሁት። ቁርሱን ዳቦና ሻይ አልኩ። እራቱን ሁለት ምግብ ለአራት ሰው አልኩ።

«እኔ ምሳ ይቅርብኝ» አለ ባለቤቴ።

«አባዬ አንተማ ስድስት ሰዓት ካለፈ ሰው አታናግርም» አለች ትልቋ።

ተሳሳቅን፤ ሒሳቡ ግን አልገባም። ሁለት ቀን ሙሉ የሚበላ አጣ። ያኔ ነው ያሰብኩት። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም።

«ጉኑኖ እናትህ ጋ አንድ ሌሊት አድረን ብንሄድስ?» አልኩት። «በአረካ በኩል ስለሆነ ከመንገዳችን ብዙ አያወጣንም።»

አማቴ ዶሮዎች አሏት፤ ቂቤ ታስቀምጣለች፣ አቮካዶዋ በክረምት ይደርሳል። ባዶ እጃችንን እንደማትሸኘን አውቃለሁ።

ባለቤቴ አየኝ። «ለስንቅ ብለን?»

«እሷንም ለማየት።»

ሄደን ካየናት ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። እሺ ብሎ ተነሣ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት በዝናብ ደረስን። የአማቴ ቤት ከመኪና መንገዱ በታች፣ ከእንሰቱ ጀርባ ነው። የበር ድምፅ ስትሰማ ባዶ ማዳበሪያ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ።»

«ልጄን ከሥራ አባረሩት?»

«ደህና ነን። እርስዎን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

ቃል ቶሎ የሚወጣኝ ሰው አይደለሁም። ያ ቃል ግን ሳላስበው ቀድሞኝ ወጣ። ማዳበሪያውን ጣለችና ዝናቡ ውስጥ እጆቿን ዘረጋች። «ጌታ ሆይ፣ አስታወስከኝ» አለች። ልጆቹን ተራ በተራ ሳመች። ከዚያ ዓይኗ ሻንጣዎቹ ላይ አረፈ።

«ይኼ ሁሉ ሻንጣ ለእኔ?»

«ክረምት ነው ብለን ልብስ አበዛን» አለ ባለቤቴ። እሱም ገባበት።

ትልቋ ልጄ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ጫማዋን አየች። ልጆቹን ከቤቱ ጀርባ ወስጄ ስለ ፓርኩ ለጊዜው እንዳያወሩ ነገርኳቸው። ጠዋት ስንነሣ ለአያታችሁ እኔው እነግራታለሁ አልኩ።

«ውሸት ነው?» አለች ትንሿ።

«አይደለም። ትንሽ ማቆየት ነው።»

ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ትልቁ አጎት ከዘራውን ይዞ መጣ። «እራት እኔ ቤት ነው» አለ። እኔም በልቤ አሰላሁ። አንድ እራት ተረፈ ማለት ነው፤ የአማቴም እንቁላል ለመንገድ ይተርፋል። ባለቤቴ አፉን ሳይከፍት «እሺ አባባ፣ እንመጣለን» አልኩ።

ጭቃውን እየረገጥን ስንሄድ ባለቤቴ «ምነው ዝም ብትዪ?» አለኝ።

«አንድ እራት ነው።»

«ሰባት ቤት ነው።»

እኔ የሶዶ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አላውቅም ነበር። በዚያ ሰፈር የአባቱ ወንድሞችና የወንድሞቹ ልጆች ሰባት ቤት ሆነው ይኖራሉ። ከእናትህ ቤት ሳትወጣ ብትሄድ ማንም አይቀየምህም። የአንዱን ቤት እንጀራ ከቀመስክ ግን የሰባቱንም ትቀምሳለህ። የተዘለለው ቤት ምን በደልኩ ይላል።

በዚያ እራት ላይ ሁለተኛው አጎት ተነሣ። «የነገ ቁርስ የእኔ ነው።»

«ነገ እንኳን…» ብሎ ባለቤቴ ጀመረ።

«የታላቄ ቤት ተበልቶ የእኔ ሊዘለል? ጣሪያዬ ያፈሳል ብለውሃል?»

«እሱ ጣሪያህን ሳይሆን ሚስትህን ነው የፈራው፤ ካላጠገበች አትለቅም» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ። እኛም ሳቅን።

ዓርብ ቁርስ ሁለተኛው አጎት ቤት በላን። እንግዳን ከሁሉ ወደ ውስጥ፣ ግድግዳው ጋ ነው የሚያስቀምጡት፤ ክብር ነው። ለመውጣት መላው ቤት መነሣት አለበት። እኔ ከግድግዳውና ከአንዲት ወፍራም አክስት መካከል ነበርኩ። ውጭ ዝናቡ አላባራም። የተጠበሰ ሥጋ ከዳጣ ጋር ቀረበ። ዳጣው ዓይን ያስነባል፤ የአጎቱ ሚስት ዓይኔን አይታ «ደስ ብሏት ነው የምታለቅሰው» አለች። ደብተሬ ውስጥ ዓርብ ቁርስ፣ ዳቦና ሻይ፣ ሆሳዕና ይላል። በዚያ ሰዓት ሆሳዕና መሆን ነበረብን።

ከዚያ ሳንነሣ ምሳው ተጠራ። ሦስተኛው ቤት ሙቿ ሠርተው ጠበቁን፤ ቆጮ ከአይብና ከቂቤ ጋር የሚሠራው ነው። ብዙ ቂቤ አፈሰሱበት። በዕድሜዬ እንደዚያ በልቼ አላውቅም። ካላቸው ላይ ሳይሆን ከሌላቸው ላይ ነው ያበሉን፤ ጌታ ይመልስላቸው። ግን ሁሉም በተራ «አስባችሁን መጣችሁ፣ ተባረኩ» ይሉናል። እኔ «አሜን» እላለሁ። አሜን ባልኩ ቁጥር በሩ ይበልጥ ይርቀኛል።

ትልቋ ልጄ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «እማ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

ወደ ቦታዋ ተመልሳ መብላቷን ቀጠለች። ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር። ለፓርኩ የቀረችን እሑድ ከአምልኮ በኋላ ያለችው አንዲት ከሰዓት ናት፤ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ካልተነሣን እሷም አትኖርም፤ ሰኞ መመለሻችን ነው። ፈቃዱ አይደገምም፤ ለሌላ ጊዜ የምናጠራቅመውም መቼ እንደሚሞላ አይታወቅም። የቀረን ይኸው የዓርብ ምሽት ብቻ ነበር። ያልገባንባቸው ቤቶች ደግሞ አራት ነበሩ።

ወደ አሥር ሰዓት ወደ አማቴ ቤት ተመለስን። እሷ ከቤተ ክርስቲያን ነበር የመጣችው፤ ነጠላዋ ርሷል፣ ፊቷ ያበራል።

«ለሽማግሌዎቹ ነግሬ መጣሁ» አለችን። «እሑድ ጉባኤው ፊት እንቆማለን። ልጄ ከነሚስቱ ከነልጆቹ እኔን ብሎ ስለ መጣ ምስጋና አቀርባለሁ። ለመስቀል ያስቀመጥኩትን ቂቤ ለጌታ እሰጣለሁ።»

ባለቤቴ ወደ መሬት አየ። እኔ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። የልጄ ጎማ መቅረቱ አንድ ነገር ነው። ይኼ ግን ሌላ ነበር። በእኔ ውሸት እግዚአብሔር ሊመሰገን ነው፤ እኔም ፊት ቆሜ አሜን ልል ነው።

ባለቤቴን ወደ ውጭ ጠራሁት።

«ንገራት።»

«አንቺ ንገሪያት። እኔ ብነግራት ታለቅሳለች።»

«እኔ ብነግራትስ?»

«ትቆጣለች። ቁጣዋ ይሻላል።»

ማድ ቤት ገባሁ። ጎንበስ ብላ ቂቤውን ከማሰሮ ወደ ሰሃን ታወጣ ነበር። ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ ብዬ በልቤ ጸለይኩ።

«እማዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ።»

ቀና አላለችም።

«እርስዎን ለማየት ብለን አልመጣንም። ልጆቹን አዲስ አበባ ልንወስድ ነው። ትልቋ ስታልፍ መጫወቻ ቦታ እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። የምግቡ ወጪ አልበቃ ሲለን፣ እዚህ አድረን ስንቅ ይዘን እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።»

«ለስንቅ?»

«አዎ።»

«ስንቅ ብትጠይቂኝ እምቢ እል ነበር?»

«አይሉም።»

«ታዲያ ለምን እኔን ልታዩ መጣን አልሽ?»

ሰሃኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። እጇ ላይ የቀረውን ቂቤ ቀስ ብላ በእንሰት ቅጠል ጠረገች። ቁጣውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«ሁለት ዓመት ሰው ሲጠይቀኝ፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው እል ነበር» አለች። «ትናንት በዝናብ ሰባቱን ቤት ዞሬ፣ ልጆቼ እኔን ሊያዩ መጡ አልኩ። አሁን ያንን ማን ይመልስልኛል?»

«እኔ እመልሳለሁ።»

«አንቺ? ቃል የማይወጣሽ?»

«ጠዋት ሰባቱንም ቤት ሄጄ እነግራለሁ።»

ከዚያ ወደ በሩ ዞራ ትልቋን ልጄን ጠራች። ልጅቷ ውጭ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ያ የምትወጪበት ነገር ምንድን ነው?»

«ጎማ ነው፣ አያቴ። ትልቅ። ሰው ተቀምጦበት ይዞራል።»

«ከዳሞታ ይበልጣል?»

«አይበልጥም።»

«ታዲያ ዳሞታ መች አነሰሽ?» አለችና ሰሃኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ፈገግ ትበል አትበል አላየሁም። ያን ምሽት አራተኛው ቤት በላን። አማቴ ከእኛ ጋር አልመጣችም።

በማግስቱ ሳይነጋ ተነሣሁ። ባለቤቴ ሻንጣዎቹን ይዞ ትንሿን እየጎተተ ወደ መኪና መንገዱ ወጣ፤ የአረካውን ሚኒባስ ሊያስቆም። እኔ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ትልቁ አጎት ቤት ወረድኩ። ትልቋ ልጄ ሳልጠራት ተከተለችኝ።

በየቤቱ አንድ ነገር ነው የተናገርኩት። «የመጣነው ስንቅ ልንይዝ ነው። እሷን ልናይ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷ የነገረቻችሁ የሰማችውን ነው። ይቅር በሉኝ።»

ትልቁ አጎት መጀመሪያ ሳቀ። «እኛ እንግዳ መስላችሁን፣ እናንተ ገበያ ወጥታችኋል!» አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «እሷ ግን ከትናንት ወዲያ ስትነግረን እንደ ልጃገረድ ትዘል ነበር» አለ። ያ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

የሁለተኛው አጎት ሚስት ግንባሬን ሳመችኝ። ሦስተኛው ቤት በሩን ገርበብ አድርገው ሰሙኝ። አራተኛውና አምስተኛው ቤት እየተጣደፍኩ ተናገርኩ። ስድስተኛው ቤት «እኛስ ምን በደልን?» አሉኝ፤ የበደልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሰባተኛው ቤት ስደርስ እሳቱ ተያይዟል፣ ዶሮ ታርዶ ሴትየዋ እየበለተችው ነው።

«ቁጭ በይ» አለችኝ።

ሰኞ ስንመለስ እንገባለን የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

«አልቀመጥም። ሰኞም ጊዜ አይኖረንም። ይቅርታሽን ብቻ ነው የፈለግሁት።»

ዶሮዋን አየች፣ እኔን አየች። ከምድጃው ላይ ከሚጥሚጣ ጋር የተፈላ የቡና ቅጠል ቀድታ ሰጠችኝ፤ ያቃጥላል። «ይኼ ቆመሽም ይጠጣል» አለች። ግማሹን ጠጥቼ ለልጄ ሰጠኋት።

ወደ አማቴ ቤት ስንመለስ በሩ ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ጥቅል አገኘን። አሁንም ይሞቃል። የተቀቀለ እንቁላል፣ ቂጣ፣ ከላይ አቮካዶ ተደርጎበታል። ቂቤው አልነበረም። እሷም አልነበረችም።

ልጄ ወደ መንገዱ አየች። ጥቅሉን አንሥቶ መሄድ ይቻል ነበር። አልቻልኩም። ይዤው ወደ እንሰቱ ገባሁ። ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብላ አረም ትነቅል ነበር።

«እማዬ፣ ነግሬያቸዋለሁ። ሰባቱንም።»

«እሺ።»

«ሳትባርኪን እንዳንሄድ።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አልኳት፤ አልታወቀኝም ነበር።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጭቃው አልለቀቀም። አንዱን እጇን የልጄ ራስ ላይ፣ አንዱን ጥቅሉ ላይ አድርጋ ጸሎት ጀመረች። ለመኪናው፣ ለመንገዱ፣ ለዝናቡ፣ ለሚዞረው ጎማ ብሎን ሳይቀር ጸለየች። ከላይ ከመንገዱ ክላክስ ተሰማ። ባለቤቴ ስሜን ጠራ። ክላክሱ ደግሞ ጮኸ። እሷ አላሳጠረችም፤ እኔም ዓይኔን አልገለጥኩም። አሜን እስክትል ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ጠበቅሁ።