መምሬ የሰገዱልኝ ስግደት

እኔ ክንዱ፣ ባሕር ዳር ላይ ሰባት ዓመት ሙሉ ከገዛ የነፍስ አባቴ የተደበቅሁ ሰው ነኝ። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ። መምሬ ዓምደ ሚካኤል ጠበል ሊረጩ በፊት ለፊት በር ሲገቡ እኔ በጓሮ እወጣለሁ። ሚስቴ የሻሽወርቅ ‹‹ፋብሪካ ገብቷል›› ትልልኝ ነበር፤ እሷንም ውሸታም አደረግኋት። በቁርባን ስለተጋባን ያለ እኔ አትቆርብም። ያን ሁሉ ዘመን አስቀድሳ ባዶ አፏን ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በአባቴ ተዝካር ላይ፣ መምሬ ‹‹ለታሰሩት ጸልዩ›› አሉ። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በሳምንቱ የቀበሌ ሰዎች ጠርተውኝ፣ በቤትህ ፀረ አብዮት ተሰብኳል፣ ወይ አንተ ወይ ቄሱ አሉኝ። ለወሬማ ወንድ ነበርሁ እኮ! መምሬ መንግሥትን ረግመዋል ብዬ ቃሌን ሰጠሁ፤ ፈረምሁም። እሳቸው ሁለት ዓመት ታሰሩ። ከእኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ዝም አልሁ።

በሰባ ዘጠኝ፣ በሁዳዴ፣ የሻሽወርቅ ታመመች። ‹‹ሳልቆርብ እንዳልሞት›› አለችኝ። እኔ ብልጡ በታንኳ ወደ ደሴት ተሻግሬ ለማያውቁኝ መነኩሴ ልናዘዝ ሄድሁ። የነፍስ አባት የለህም ወይ ብለው ጠየቁኝ። የነፍስ አባትስ አሉኝ፣ የበደልሁትም እሳቸውን ነው አልሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው ብለው በመጣሁበት ታንኳ መለሱኝ።

መምሬን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ተናገርሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

‹‹አውቃለሁ›› አሉኝ። ‹‹ያን ጊዜ ስመረመር ፊርማህን አሳይተውኛል።››

እያወቁ ነው እንግዲህ ሰባት ዓመት ቤቴን ጠበል የረጩት! ቀኖና ይስጡኝ፣ ከባዱን፣ ብዬ ለመንኋቸው። እውነቱን ልናገር፤ ሰግጄ ሰግጄ ዕዳዬን ከፍዬ ቀና ብዬ መሄድ ፈልጌ ነበር።

‹‹የነፍስ አባት የልጁን ቀኖና ይካፈል የለም ወይ? እስር ቤት ሳለሁ ያንተን ሰግጄ ጨርሻለሁ። መምጣትህን ብቻ ነበር የምጠብቅ። አሁን የሻሽወርቅን ይዘሃት ና።››

በዳግም ትንሣኤ ሚስቴን ደግፌ ቀረብሁ። ከኀፍረቴ የተነሣ ዓይኔን ከመሬት አላነሣሁም። መምሬ ሥጋውን ይዘው ፊቴ ቆሙ።

‹‹አፍህን ክፈት፣ ልጄ›› አሉኝ።

በእሳቸው ላይ የዋሸሁበትን አፌን ከፈትሁ።