«ይቅደሙ» ስንባባል ያመለጠን ባለቀለበቱ ኮከብ

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ተሽሏቸዋል፣ እግዜር ይመስገን! ልጃቸውም በሰላም ተገላግላለች። ዛሬ እኔና እትዬ አስካለ የሠራነውን ብነግራችሁ ግን ትስቁብኛላችሁ።

ፈረንጁ አስተማሪ ነገ ከተማችንን መሐል ሜዳን ለቆ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው። ከመሄዱ በፊት ሳተርን የሚባለውን ባለቀለበት ኮከብ በትልቁ መነጽሩ ሊያሳየን፣ ማምሻውን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ጠራን።

እትዬ አስካለ ከታመሙ ወዲህ ከቤት ሲወጡ ገና ዛሬ ነው። «ይህን ሳላይማ አልሞትም» ብለው የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው መጡ።

ሰው ሁሉ አይቶ ሁለታችን ቀረን። «ይቅደሙ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ኧረ በእግዜር! አንቺ ቅደሚ።»

«እርስዎ ቆመው? አላደርገውም!»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

አስተማሪው «ቶሎ! ኮከብ ይሄዳል!» እያለ መነጽሩን ደጋግሞ ያስተካክላል።

እትዬ አስካለ ዞር ብለው «ምን ያጣድፍሃል ልጄ? ከፍጥረት ጀምሮ እዚያው ያለ ነው» አሉት።

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ የመንዝ ጉም ሰማዩን ግጥም አድርጎ ሸፈነው። አስተማሪው ራሱን ይዞ ቀረ።

እስከ ደጃፋችን ድረስ «ጥፋቱ የእኔ ነው»፣ «ኧረ የእኔ ነው» እየተባባልን ተመለስን። በዚህም አልተሸናነፍንም!

አሁን ደግሞ ከእኛ ቀድመው ያዩት መሪጌታ ብቅ ብለው፣ «ሰፌድ መሐል የተቀመጠች ሎሚ ትመስላለች፤ ጨረቃዋም ከጎኗ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ» እያሉ ያስቀኑኛል።

እናንተስ፣ በይሉኝታ ያመለጣችሁ ምን አለ? ብቻዬን ሞኝ አታድርጉኝ፣ ንገሩኝ እንጂ!