ሻርሎይስ ረባሽ የጻፍኩ ቀን

«እዚህ ማን ነው አንቺን አለቃ ያደረገሽ?»

እንዲህ ያለችኝ አስተማሪዬ ናት። አስር ዓመቴ ነበር፣ ሮተርዳም ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ። አረንጓዴ ማርከር ይዤ ነጩ ሰሌዳ ሥር ቆሜያለሁ፣ ሃያ ስድስት ልጅ አፍጥጦ ያየኛል።  የአገሩ ቋንቋ ደች ራሱ አልነበረኝም፤ ጥያቄው የገባኝ ኋላ ነው።

አዲስ አበባ የተማረ ሰው ረባሽ መጻፍ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ቲቸር ሲወጡ የክፍል አለቃ ይነሳል፣ ጠመኔ ያነሳል፣ ያወራውን ሁሉ ስሙን ሰሌዳ ላይ ይደረድራል። የደገመ ኤክስ ይደረግበታል። ቲቸር ሲመለሱ በኤክሱ ልክ መዳፍ በማስመሪያ ይመታል። ጉለሌ እኛ ክፍል ስልሳ ሦስት ነበርን፣ አለቃዋ እኔ። አላሳምረውም፤ የገዛ ጓደኛዬን ጽፌ አስመትቻለሁ፣ ደስም ይለኝ ነበር። ጠመኔው ጣቴ ላይ ቀርቶ እስከ ማታ ሳሸተው እውል ነበር። ግን ማን እንደሚያዝዝ፣ ማን እንደሚመታ፣ በምን ጥፋት እንደሚመታ፣ ለማንም ድብቅ አልነበረም።

ከዚያ ሻርሎይስ መጣሁ፣ ሮተርዳም ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። እናቴ ቀድማኝ መጥታ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ክፍላችን የረጠበ ጃኬትና የቺዝ ዳቦ ይሸታል። አስተማሪዋን ዩፍ ማሪስካ ይሏታል፣ ዩፍ ቲቸር እንደማለት ነው፣ በስሟ፣ አንቺ እያሉ። እሷም ወንበር እያለላት ጠረጴዛ ላይ ትወጣና እግሯን እያወዛወዘች ታወራለች። እዚህ አገር ደግሞ ዓመቱ ሲጀመር ትምህርት አይደለም የሚቀድመው፣ ሕግ ማውጣት ነው። ልጆቹ ራሳቸው እጅ እያወጡ ይናገራሉ፣ ዩፍ ማሪስካ ትልቅ ቢጫ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። እንደማመጣለን፣ እንረዳዳለን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ደረሰ። ከዚያ ሁሉም ፈረመ። እኔም ሳይገባኝ ፈረምኩ። ሕጉን የጣሰ ሰው ምን እንደሚሆን ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

አንድ ጠዋት ዩፍ ማሪስካ ቡና ልትቀዳ ወጣች። በሩ ሳይዘጋ ክፍሉ በጩኸት ፈነዳ። ዴኒስ የሚባለው ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሚላ ላጲስ መወርወር ጀመረች። አለቃው እስኪነሳ ጠበቅኩ። የሚነሳ የለም። የእውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሴትየዋ አሳዘነችኝ፤ አለቃ እንኳ የላትም። ተነሳሁ። ማርከር አነሳሁና በፊደላችን «ረባሾች» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። ሚላ። ዴኒስ፣ ኤክስ ኤክስ።

ጸጥ ሲሉ ሠራ ብዬ ነበር። ከዚያ እየተነሱ ከበቡኝ። አንዷ ይሄ የኔ ስም ነው ወይ አለችኝ በምልክት፣ ራሴን ነቀነቅኩ። እኔንስ፣ እኔንስ ማለት መጣ። ሰልፍ ያዙ እኮ። ትንፍሽ ያላሉት ሁሉ ረባሽ ማለት መሆኑን ሳያውቁ እኛንም ካልጻፍሽን አሉ። ዴኒስማ ብዙ ኤክስ ያለው እሱ መሆኑን ሲያይ ጎል እንዳገባ ሰው እጁን ወደ ላይ አነሳ። ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ያናገረኝ ያን ቀን ነው። ለአምስት ደቂቃ ያህል የክፍሉ ተወዳጅ እኔ ነበርኩ።

ዩፍ ማሪስካ ኩባያዋን ይዛ ገባች፣ ሰሌዳውን አየች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እንዴት ያምራል፣ በይ አንብቢልን አለች። እኔም ባለችኝ ስብርባሪ እንግሊዝኛ አስረዳኋት፤ «እነዚህ መጥፎዎቹ ናቸው። አሁን ትመቻቸዋለሽ።» እንዳትቸገር ብዬም የዴኒስን ማስመሪያ አቀበልኳት።

ሚላ ማልቀስ ጀመረች። ማን አለቃ አደረገሽ የሚለው ጥያቄ የመጣው ያኔ ነው።

በማግስቱ ቢጫው ወረቀት ላይ ዘጠነኛ ሕግ ተጨመረ፦ በዚህ ክፍል ማንም የማንም አለቃ አይደለም። እንደገና ሁሉም ፈረመ፣ እኔ መጨረሻ። በኔ የወጣ ሕግ መሆኑን ለማወቅ ደች አያስፈልግም ነበር፤ ብዕሩ እኔ ጋ ሲደርስ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ባስ» ሆነ፣ አለቃዬ እንደማለት። ባስ፣ ሽንት ቤት መሄድ ይፈቀዳል? ባስ፣ ብተነፍስ ታስመቺኛለሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ። ከጉለሌ ይዤው የመጣሁት የሱዚ ላስቲክ አንድ ቀን እንኳ ከቦርሳዬ ሳይወጣ ደረቀ።

እናቴን አስጠሯት። እናቴ ለተባለችው ሁሉ ራሷን እየነቀነቀች ይቅርታ ጠየቀችና አውቶቡስ ውስጥ እጄን ይዛ «ዝም አይነቅዝም፣ የኔ እናት። ዝም በይ፣ ያልፋል» አለችኝ። ዝም አልኩ። ይነቅዛል። እኔ አይቼዋለሁ።

አስራ ሁለት ዓመት ሲሞላሽ እዚህ አገር አስተማሪሽ የትኛው ሁለተኛ ደረጃ እንደምትገቢ ትጽፋለች። ሂሳብ ከክፍሉ ሁለተኛ ነበርኩ። ዩፍ ማሪስካ የሙያውን መስመር ጻፈችልኝ፣ ወደ ኮሌጅ በቀጥታ የማያስገባውን። ጎበዝ ናት፣ ግን ሌላውን መቆጣጠር ትወዳለች፣ እዚያ ትረጋጋለች አለች። ስብሰባው ሲያልቅ በጋራ ስለወሰንን ደስ ብሎኛል አለች። እኔና እናቴ ቃል አልተነፈስንም። እናቴ ሦስት ጊዜ አመሰገነቻት።

በዞረው መንገድ ሄድኩ፣ ሁለት ዓመት በትርፍ። ባለፈው ወር በመምህርነት ተመረቅኩ። ከእረፍት በኋላ አምስተርዳም ኒው ዌስት የራሴ ክፍል አለኝ፣ ሃያ ስምንት ልጅ፣ ልክ እኔ ያኔ በነበርኩበት ዕድሜ። በመጀመሪያው ሳምንት ከልጆቹ ጋር ሕግ አውጪ ተብያለሁ። ወረቀት ገዝቻለሁ። ማስመሪያው አይናፍቀኝም፣ ማንንም ልጅ አልመታም። ጉለሌን ሳስብ የሚናፍቀኝ ሌላ ነው፤ የቀጣኝ ሰው የቀጣሁሽ እኔ ነኝ ይል ነበር።

ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጥተን አሳ ለመግዛት ተራ ስንጠብቅ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት ሴት ስሜን ጠራች። ዩፍ ማሪስካ። ባሏን ጎትታ አመጣችና አስተዋወቀችን፤ ይቺ ልጅ እኮ የሁላችንንም ስም በዚያ በሚያምር ፊደሏ ሰሌዳ ላይ ጽፋልን ነበር አለችው። ያስታወሰችው ይሄንን ነው። አስተማሪ መሆኔን ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ አየሽ፣ በዚያም በዚህም ብለሽ ደረስሽ አለችኝ።

አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ነበር፣ ማን አለቃ አደረገሽ ብለሽ፣ አልኳት። ፈገግ እንዳለች ግንባሯን ቋጠረች። እናቴ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ገብቷት ክርኔን ቆነጠጠችኝ። «ተይ ልጄ፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አለችኝ በአማርኛ።

«ማንም አላደረገኝም» አልኩ፣ በደች፣ ተራ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። «አለቃዋ አንቺ ነበርሽ። ወጣሽ፣ እኔ ቦታሽን ጠበቅኩልሽ። ማንም አለቃ አይደለም ብለሽ ሁላችንንም አስፈረምሽን፤ የት እንደምማር የጻፍሽው ግን ብቻሽን ነው።»