የእትዬ የሺ ጥቁር መጥበሻ

በቀደም ደጀን ምሳ ልበላ ገብቼ ጥብስ አዘዝኩ። አስተናጋጁ ከነብረት መጥበሻው አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። ቲማቲሙ ጠቁሯል፣ ሎሚ ተጨምቆበታል፣ ሽታው ዝናብ የመታው ቆርቆሮ ነው።

«ይኼን መልሰው» አልኩት።

«አባባ፣ ዘመናዊ እኮ ነው።»

ዘመናዊ! ይኼን ሽታ እኔ የማውቀው እሱ ሳይወለድ፣ አባቱም ሱሪ ሳይታጠቅ፣ በጃንሆይ ጊዜ ቢቸና ላይ ነው። ሒሳቤን ከፍዬ ሳልበላ ወጣሁ። ነጋዴ ላልበላው ከከፈለ ምን ያህል ቢናደድ ነው በሉ።

እትዬ የሺ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ጥብስ ቤት ነበራቸው፤ ከኛ ቤት የሚለያቸው አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ነው። መጥበሻቸው ጣሊያን ጥሎት የሄደ ወፍራም ብረት ነው፤ ለማንሳት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሲያጥቡት አይቼ አላውቅም። በጨው ይጠርጉታል፣ በጨርቅ ይወለውሉታል፣ ሳይበርድ ሞራ ይቀቡታል። ከሞራው ብዛት ፊቱ እንደ ተቀለበች በቅሎ ጀርባ ያብለጨልጭ ነበር። ሽታው ጎረቤቱን ሁሉ ጾም ያስፈታል፤ ከዓባይ ድልድይ ዳገቱን ወጥተው የሚመጡ ሾፌሮች አቧራቸውን ሳያራግፉ ይገባሉ። ሎሚና ቲማቲም ግን መጥበሻው አጠገብ አይደርሱም። ቲማቲም የወደደ በሸክላ ድስት ይሠራለታል፤ ሎሚ ያማረው ሳህኑ ላይ ይጨምቃል። «ኮምጣጣ ነገር ብረቱን ይልጠዋል፣ ብረቱም ወጡን ያጠቁረዋል» ይሉ ነበር።

አባታቸው ማረሻ የሚቀጠቅጡ ጠይብ ነበሩ። ከተማው ይኼን ያውቃል። በአባትየው ማረሻ የታረሰውን ጤፍ ይበላል፣ ልጅቱ የጠበሱትን በልቶ ጣቱን ይልሳል፤ «ቡዳ» የምትለዋን ቃል ግን ለክፉ ቀን ቋጥሮ አስቀምጧት ነበር።

ክፉውን ቀን ያመጣው አንድ ግራዝማች ነው። ልጅ ሆኜ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አልልም። የመሬት ክርክር ነበረበትና ከሞጣ የሚመጡትን ዳኛ በሆዳቸው ሊይዛቸው እትዬ የሺ ቤት ግብዣ አሰናዳ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ጣሊያን ቤት በልቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የአገሩ ወጥ አይጥመውም።

«የሺ፣ ሥጋውን በቲማቲም አድርገሽ፣ ሎሚ ጨምቀሽ፣ እዚያው መጥበሻው ላይ ታቆዪልኛለሽ።»

«ግራዝማች፣ ብረቱ አይሆንም። በሸክላው ልሥራልዎ፣ ለጣዕሙ እኔ አለሁ።»

«ለዳኛ በሸክላ? የባላገር ሠርግ መሰለሽ?»

«እንግዲያው ሳይቆይ ይበላ።»

«ወጥ ልታስተምሪኝ ነው? ያልኩሽን አድርጊ!»

አደረጉ። የዳኛውን መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው። ለምሳ የተጠበቁት ሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሱ። ቲማቲሙ ብረቱ ላይ ሲንተከተክ ውሎ እንደ ቀለም ጠቁሯል። እትዬ የሺ «ይቅር፣ ሌላ ልጥበስ» ብለው ቢለምኑት ግራዝማቹ ራሱ አንስቶ አቀረበው። ዳኛው አንድ ጉርሻ አፋቸው አስገብተው ተፉት።

«ሚስማር ሚስማር ይላል! ምንድን ነው ይኼ?»

ሰው ሁሉ ግራዝማቹን አየ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሴትዮዋ ጠይብ ናት» አለ።

እትዬ የሺ ቁጭ ብለው፣ በእንጀራ እየጠቀለሉ፣ ያንን ጥቁር ነገር በሰው ፊት በልተው ጨረሱት። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ምንም አልሆኑም። ይኼ ነጻ ያወጣቸዋል ያላችሁ እንደሆነ የትንሽ ከተማን ሰው አታውቁትም። «አያችሁ? የራሷ መርዝ አይነካትም» ተባለ። ቢታመሙ መርዝ ነው፤ ባይታመሙ ቡዳ ናቸው። እንዲህ ያለ ሚዛን ሱቄ ውስጥ ባስቀምጥ ያስሩኛል።

ደንበኛው በሳምንቱ እንደ ጉም ተነነ። እትዬ የሺ ዕቃቸውን ሲሸክፉ የግራዝማቹ አሽከር መጣ፤ «ጌታዬ መጥበሻውን ልግዛው ብለዋል።» ሴትዮዋ መርዝ፣ መጥበሻዋ ሸጋ!

«ነገ ይምጣና ይውሰድ» አሉት።

አሽከሩ እንደሄደ ሎሚ እየቆረጡ መጥበሻው ላይ ጨመቁ፣ ውሃ ሞሉት፣ እሳት ላይ ጣዱት። ሲፈላ ዋለ። የስንት ዓመት ሞራ እንደ እባብ ቆዳ ተላጠ። በማግስቱ በራፋቸው ላይ፣ ዝናብ ላይ ጥለውት በሞጣው መኪና ሄዱ። አሽከሩ ሲደርስ ብረቱ ዝጎ ቀልቷል፤ በእግሩ ገፋ አድርጎት ተመለሰ። እናቴ አንስታ ቤት አስገባችው።

አድጌ ጨውና አቡጀዲ ይዤ ሞጣ ስመላለስ ገበያ ዳር አገኘኋቸው፤ በሸክላ ድስት ሽሮ ይሠራሉ። መጥበሻው እኛ ቤት እንዳለ ነገርኳቸው።

«በአሸዋ እሸው» አሉ። «ከዚያ ሞራ፣ እሳት፣ ደግሞ ሞራ። ብረት ቂም የለውም፣ ይመለሳል።»

«እርስዎስ? ቢቸና አይመለሱም?»

ሽሮውን ማማሰላቸውን ቀጠሉ።

መጥበሻው ተመለሰ። ቤቴ አለ፤ ፊቱ እንደ ድሮው ያብለጨልጫል። ባለፈው ፋሲካ ምራቴ ሎሚ ይዛ ስትጠጋው ጮኽኩባት፣ ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። ልጆቼ ስለ መጥበሻ የምቆጣ ይመስላቸዋል።